ቋሚ ነዋሪነት ምንድን ነው? ፈቃዱን ሁሉ «ፒአር» ለምትሉ

ከስታዲየም እስከ ብሔራዊ ቲያትር ባሉ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ «ካናዳ፦ ትምህርትና ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) በአንድ ጥቅል» ዓይነት ማስታወቂያ ማየት ለምጃለሁ። ደላላ ደላላ ነው፤ የሌለውን ይሸጣል። ያናደደኝ ሌላው ወገን ነው። ካናዳ ውስጥ «ለሁሉም ቋሚ ስታተስ»፣ ማለትም ለሁላችንም ቋሚ ነዋሪነት ይሰጠን እያሉ ሰልፍ ስለሚወጡ የውጭ አገር ሠራተኞችና ተማሪዎች አንድ አስተያየት ሰጪ ሲያብራራ ሰማሁት። ደመወዛችን ይከፈለን ማለታቸው መብታቸው ነው፤ ቋሚ ነዋሪነት ግን ሽልማት ነው፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው አለ። የሠራተኛ ውል ማንበብ እንጀራዬ ነውና ይህችን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ቪዛ ለመግባት፣ ፈቃድ ደግሞ ገብቶ ለመማር ወይም ለመሥራት እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ልነሳ። በካናዳ ሕግ ቋሚ ነዋሪ ማለት በፈለገበት ከተማ የሚኖር፣ ለፈለገው አሠሪ የሚሠራ፣ ከሥራ ቢባረር እንኳ አገሪቱ ውስጥ የመቆየት መብቱ የማይነካ ሰው ነው። ዜጋ ግን አይደለም። አይመርጥም፣ የካናዳ ፓስፖርት አይዝም፣ ከባድ ወንጀል ከፈጸመ ከአገር ሊባረር ይችላል። በየአምስት ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን እዚያ መገኘት አለበት። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ይሰጣል፤ የካርዱ ቀን ሲያልፍ ነዋሪነቱ አብሮ አያልፍም። ለዘመድ ጥየቃ መጥተው ካርዳቸው እዚህ ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች «ፒአሬ ተቃጠለ» እያሉ ሲያለቅሱ አያለሁና ይህን ማለት ነበረብኝ።

ካነሳሁት አይቀር፣ ጥገኝነት ጠይቆ በዚያ በኩል ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ሌላ አደጋ አለበት (የውጭውን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሸሽቼዋለሁ ያለውን አገር ፓስፖርት አውጥቶ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ብቅ ቢል፣ የካናዳ መንግሥት ጥገኝነቱ አብቅቷል ብሎ ጉዳዩን ሊያስከፍትበት ይችላል፤ ከተወሰነበትም የሚያጣው ጥገኝነቱን ብቻ ሳይሆን ቋሚ ነዋሪነቱንም ነው። ዜግነት እስኪያገኝ ቢታገስ ይሻለዋል።

ስተዲ ፐርሚት፣ ማለትም የትምህርት ፈቃድ፣ ከቋሚ ነዋሪ መብቶች አንዱንም አይሰጥም። አንድ ሰው ወደፊት ቋሚ ነዋሪ ለመሆን እያሰበ አሁን በጊዜያዊነት መግባት እንደሚችል ሕጉ ይቀበላል፤ ነገር ግን ፈቃዱ ሲያበቃ እንደሚወጣ የቪዛ ኦፊሰሩን ማሳመን አለበት። ማስታወቂያውን አምኖ በማመልከቻ ደብዳቤው «ዓላማዬ ፒአር ማግኘት ነው» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ቪዛውን በገዛ እጁ ነው የሚያስከለክለው። በዚያ ላይ ገንዘብ ተቀብሎ የካናዳን ኢሚግሬሽን የሚያማክር ሰው የካናዳ የሕግ ባለሙያ ወይም እዚያው ፈቃድ የተሰጠው አማካሪ መሆን ይኖርበታል። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁት፤ ከተቆጣ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ወደ አስተያየት ሰጪው ልመለስ። ጊዜያዊ ፈቃድን ከቋሚው የሚለየው የጊዜ ርዝመት ይመስለዋል፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ዋናው ልዩነት ግን ፈቃዱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ከሜክሲኮና ከካሪቢያን አገሮች እየመጡ የካናዳን እርሻ የሚሠሩ ሰዎች ፈቃዳቸው ላይ የአሠሪያቸው ስም ተጽፏል። ሌላ ቦታ መሥራት አይችሉም። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1966 ከጃማይካ ጋር ነው፤ በዓመት ቢበዛ ስምንት ወር ሠርተው ይመለሳሉ። ዕድሜያቸውን በዚህ የጨረሱ አሉ፤ ወሩ ተደምሮ ግን ነዋሪነት አይሆንም።

አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ይህን ለመረዳት ካናዳ መሄድ አያስፈልገውም። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጣ፤ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር የማይበልጥ። መልካም ሕግ ነው። አከራዩ ከተፈቀደው በላይ ሲጨምርበት ወረዳ ሄዶ የሚያመለክተው ተከራይ ግን ስንቱ ነው? አብዛኛው ጥርሱን ነክሶ ይከፍላል፤ ከአከራይ ጋር ተጣልቶ አንድ ግቢ ማደር ቀላል አይደለማ። አሁን እስቲ አከራዩን አሠሪህም አድርገው። ከቤት ስትወጣ ከሥራም ትወጣለህ። መታወቂያህም በእሱ ፊርማ ብቻ የሚታደስ ይሁን፤ እሱ ካልፈረመ ሌላ ክፍለ ከተማ ቤት መፈለግ አትችልም፣ ከተማውን ጥለህ ትሄዳለህ እንጂ። እዚህ ላይ ቆሞ «ኪራይህን መከራከር መብትህ ነው፤ መታወቂያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው» የሚልህ ሰው ቢመጣ ምን ትለዋለህ?

ነገሩን ትንሽ ልግፋው። ካናዳ በ2019 በደል የደረሰበት ሠራተኛ አሠሪ የማይጠራበት ክፍት ፈቃድ እንዲያገኝ ፈቅዳለች። ወረዳው «አከራይህ እንደበደለህ አስረዳና ለጊዜው ሌላ ቤት እናስገባሃለን» እንዳለ ቁጠሩት፤ ጊዜው ሲያልቅ ያው እንደ ቀድሞው ዓይነት አከራይ ፍለጋ ነው። በ2021 ደግሞ ለ90,000 ሰው ወደ ቋሚ ነዋሪነት የአንድ ጊዜ በር ተከፈተ፤ ከዚያ ውስጥ ካናዳ ለተመረቁ የውጭ ተማሪዎች የተመደበው 40,000 ቦታ በአንድ ቀን ገደማ ሞላ። ይኼኛውን ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሰው ያውቀዋል። ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታም አለ። አከራዩ ቢያንስ ቤቱ የራሱ ነው፤ የቲማቲም እርሻ ባለቤት ግን የካናዳ ባለቤት አይደለም፤ ሰውን ከአገር የማስወጣት ሥልጣን በተዘዋዋሪ የሰጠው ሕጉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘመናዊ ባርነት ልዩ ራፖርተር (መርማሪ) ቶሞያ ኦቦካታ በ2023 ካናዳን ጎብኝተው የጊዜያዊ ሠራተኞችን ፕሮግራም የዘመናዊ ባርነት መፈልፈያ ያሉት ይህን አይተው ነው። ቃሉ ከብዶ የሚሰማው ካለ ሪፖርቱን ያንብብ።

የተማሪዎቹ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ተማሪ ትምህርት እያለ ከግቢ ውጭ በሳምንት እስከ 24 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሠራ ፈቃዱን ጥሷል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ይህን አሳምሮ ያውቃል። 35 ሰዓት ያሠራውና የ20 ሰዓት ይከፍለዋል። ልጁ ለሥራ ጉዳይ ቢሮ አቤት ሲል በገዛ ቃሉ የራሱን ጥፋት ይመሰክራል። አስተያየት ሰጪው ተገቢ ያለው የደመወዝ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ፈቃዱን ሳይነካ እንዴት እንደሚጠየቅ እሱ ይንገረን።

ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው፤ በዕድሜ አንዴ ብቻ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቋሚ ነዋሪነቱ መስፈርት ሊቀየር ይችላል፤ ተቀይሯልም። በ2024 ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት በተባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር የውጭ ሠራተኞች የርሃብ አድማ የመቱት ክፍለ ሀገሩ መስፈርቱን መሃል መንገድ ላይ ስለለወጠባቸው ነበር። እነዚያ ሕግ የጣሱ አልነበሩም፤ ሕጋዊ ፈቃድ ይዘው የሚሠሩ ነበሩ።

«እንግዲያውስ ሁለት ዓመት በትዕግሥት ይሥሩና ይሰጣቸው» የሚል መካከለኛ ሐሳብም እሰማለሁ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ጋር ነበርኩ። ካናዳ ይህን ሞክራዋለች። ከ1992 እስከ 2014 በነበረው ፕሮግራም አሠሪዋ ቤት እያደረች ልጅና አረጋዊ የምትንከባከብ ሴት 24 ወር ከሠራች ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት ትችል ነበር። ብዙዎቹ የፊሊፒንስ ሴቶች ነበሩ። ወሩን የሚመሰክርላት አሠሪዋ ነው፤ ከቤቱ ብትወጣ አዲስ አሠሪና አዲስ ፈቃድ እስክታገኝ ቆጠራው ይቆማል። ስለዚህ የባሰ ዝም የምትለው ተስፋ ያላት ሴት ነበረች። ተስፋ የሌላት ቢያንስ ተጣልታ ወደ አገሯ መመለስ ትችላለች። ሰልፈኞቹ ነዋሪነቱ «ከመጀመሪያው ቀን» ይሰጠን የሚሉት ለዚህ ነው። መንግሥታት እንዲህ ከተባሉ የሚያስገቡትን ሰው ቁጥር ይቀንሳሉ የሚል ሥጋት አለኝ፤ ይህን ለሰልፈኞቹም እላቸዋለሁ። ሥጋቴ ግን ስለ ቁጥሩ ነው፣ መብትና ነዋሪነት አይገናኙም የሚለውን አይደግፍም።

ቁጥር ካልንም፣ ካናዳ ለ2025 የታቀደውን የአዳዲስ ቋሚ ነዋሪዎች ቁጥር ከ500,000 ወደ 395,000 ዝቅ አድርጋለች፤ ምክንያቱ የቤት ችግር ነው ተብሏል። የሰልፉ ጥያቄ በአብዛኛው አገር ውስጥ ስላሉ፣ ኪራይ እየከፈሉ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። እነሱን ቋሚ ማድረግ አንድም ተጨማሪ አልጋ አይጠይቅም። ፈቃዳቸው አልቆ ወረቀት የሌላቸውን በተመለከተ የካናዳ መንግሥት ራሱ በታኅሣሥ 2021 ለኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ በሰጠው የሥራ መመሪያ ሕጋዊ የሚሆኑበትን መንገድ እንዲያጠኑ አዝዞ ነበር፤ ስለዚህ ሐሳቡ የአክቲቪስት ቅዠት ተደርጎ መቅረቡ አይገባኝም።

እኛ ዘንድ «ይህ የካናዳ ቅንጦት ነው፤ የዓረብ አገር ልጆቻችንን አይመለከትም» የሚባለው ነገር ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ላይ ቋሚ ነዋሪነት የሚጠይቅ ሰልፍ የለም። ጥያቄው አነስ ብሎ ነው የሚመጣው፦ ካፊሉ (ያስመጣውና መኖሪያ ፈቃዱን የያዘው አሠሪ) ሳይፈቅድ አሠሪ መቀየር። ኳታር በ2020 ይህን በሕግ ፈቅዳለች፤ አፈጻጸሙ ሌላ ወግ ነው። ሳዑዲም ቋሚ መኖሪያ የሚባል ነገር አታውቅም ማለት አይደለም። ከ2019 ጀምሮ 800,000 ሪያል ለከፈለ የውጭ ሰው ያለ ካፊል፣ ያለ ጊዜ ገደብ መኖሪያ ትሰጣለች። አሠሪ ለመቀየር በመጋቢት 2021 ያወጣችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም፤ ከኛ ወደዚያ በኮንትራት ከሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ ደግሞ የቤት ሠራተኞች ናቸው።