የግል ድርሰት ምክር በመሀል አዲስ አበባ

የግል ድርሰት ምክር ወደ ውጭ አገር፣ በተለይም ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ራሳቸው የሚጽፉትን አጭር ጽሑፍ እንዲያስቡበት፣ እንዲያረቁትና እንዲያርሙት የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ተማሪዎቹ ጽሑፉን «ኤሴይ» ይሉታል። ከፒያሳ እስከ 4 ኪሎና 6 ኪሎ ባለው የከተማዋ እምብርት ምክሩን የሚሰጡት የትምህርት ቤት አማካሪዎች፣ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ክፍያ የሚጠይቁ የግል ቢሮዎች እንዲሁም ዕድሉን ቀድመው ያገኙ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ከአንድ ቢሮ ይልቅ ካፌ ውስጥ፣ በቴሌግራም ወይም በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ሥራ ስለሆነ ከውጭ ለሚያይ ሰው እምብዛም ጎልቶ አይታይም።

ሥራው ለከተማዋ እንግዳ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ተማሪን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲሆን፣ ፈተናው ለተማሪው የሕይወት ታሪክ ቦታ የለውም። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ከዚያም ቀደም ባለው ዘመን ወደ ውጭ ለትምህርት የሚሄደው ቤተ መንግሥት የመረጠው ሰው ነበር፤ በራስ ተፈሪ ዘመን ወደ አሜሪካ ተልከው በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን ከእነዚህ አንዱ ናቸው። «አንተ ማን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ለተማሪው ራሱ ማቅረብ የዛሬው የማመልከቻ ሥርዓት ያመጣው ነገር ነው።

አብዛኛው ተማሪ የሚጠቀመው ኮመን አፕሊኬሽን የተባለውን የጋራ ማመልከቻ ነው። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1975 በ15 ኮሌጆች ተጀምሮ ዛሬ ከ1,000 በላይ ተቋማትን ያገለግላል። ድርሰቱ ከ250 ያላነሰና ከ650 ያልበለጠ ቃል እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ከሰባቱ የርዕስ አማራጮች የመጨረሻው ተማሪው የፈለገውን እንዲጽፍ የሚፈቅድ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩ.ሲ.) ግቢዎች በበኩላቸው ከስምንት ጥያቄዎች አራቱን አስመርጠው ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ይፈቅዳሉ። ለብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበለው ዩካስ 4,000 ፊደልን ጣሪያ ያደረገ ሲሆን ትኩረቱም ተማሪው ሊያጠና በመረጠው የትምህርት ዘርፍ ላይ ነው። ለለንደን የተዘጋጀን ጽሑፍ ለቦስተን መላክ ወይም ይህንኑ ገልብጦ ማድረግ በየዓመቱ የሚታይ ስህተት ነው።

ከመሀል አዲስ አበባ ተማሪ እጅ የሚወጣው የመጀመሪያ ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት የአጻጻፍ ልማዶች የተቀዳ ነው። አንደኛው የክፍል ድርሰት ነው፦ ነገሩን ይተረጉማል፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ይዘረዝራል፣ በምክር ያሳርጋል። ይህኛው በሁለት ወይም በሦስት እርማት ይለቃል። ሁለተኛውና ሥር የሰደደው ግን ማመልከቻ ነው። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ የሚጀምረውን፣ የአመልካቹን ችግር በተርታ አስረድቶ «ስለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ብሎ የሚዘጋውን ደብዳቤ ተማሪው ከቀበሌ ጀምሮ ሲያየው አድጓል። ቋንቋችንም ለሁለቱ አንድ ስም መስጠቱ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ለኮሌጅ የሚላከውም ለክፍለ ከተማ የሚጻፈውም «ማመልከቻ» ነው። በዚህ ልማድ የሚጽፍ ልጅ አንባቢውን ባለሥልጣን፣ ራሱን ደግሞ ባለጉዳይ አድርጎ ይነሣል፤ የአባቱን ሞት፣ የቤት ኪራዩን፣ የእናቱን ድካም ቆጥሮ ሲጨርስ ስለ ራሱ የነገረን ችግረኛ መሆኑን ብቻ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ረቂቅ ለማስተው የሚረዳው ቀላሉ ማስረጃ የገንዘብ ችግር የሚገለጽበት ሌላ ቅጽ መኖሩ ነው። የቤተሰቡን ገቢና ወጪ የሚዘረዝረው የፋይናንሻል ኤይድ ቅጽ ለብቻው ይሞላል፤ ደመወዙን ድርሰቱ ውስጥ መድገም ከ650ው ቃል ላይ ያለ ዋጋ መቀነስ ነው። በእርግጥ ለአብዛኛው የከተማችን ቤተሰብ ያለ ሙሉ ድጋፍ ትምህርቱ አይታሰብም፤ የውጭ አገር አመልካቾችን የመክፈል አቅማቸውን ሳያዩ መርጠው የሚያስፈልጋቸውን ሙሉ ድጋፍ የሚሸፍኑት ደግሞ እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት ያሉ ጥቂቶች ናቸው። እነዚህ በሮች ጠባብ ስለሆኑ ድርሰቱ ደካማ ውጤትን ያካክሳል ብሎ ለወላጅ የሚነግር አማካሪ ሐቀኛ አይደለም።

ሌላው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። «እኔ» እያሉ መናገር እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ልጅ የሠራውን ሁሉ «በእግዚአብሔር ርዳታና በመምህሮቼ ድጋፍ» ብሎ ያልፈዋል። በባህላችን ራስን ማወደስ የተፈቀደው ለፎካሪ ነው፤ ገድል ደግሞ የሚጻፈው በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ተማሪው ወይ ይፎክራል ወይ ይጠፋል። ድርሰቱ የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ሰው ለቅርብ ጓደኛው የሚያወራበትን ድምፅ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው ስለ «አመራር ብቃት» የጻፈው ገጽ ባዶ ቢሆንም፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዓይናቸው ለደከመ አያቱ የእድር መዝገብ እንደሚጽፍ በጨዋታ መሀል ይነሣል። አማካሪዋ «ያልከፈሉትን ስም ጮክ ብለህ ታነባለህ?» ብላ ትጠይቀዋለች። «የለም ቲቸር፣ አያቴ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ እንድሰጣቸው አድርገውኛል፤ ሰውየውን ለብቻው ያናግሩታል» ይላል። ሦስት ወር ሳይከፍሉ የቀሩ ጎረቤት ቤት ሐዘን ሲገባ ድንኳኑ ይተከል አይተከል የሚለው ክርክር፣ መዝገቡን የያዘው ልጅ ያን ዕለት የተናገረው ወይም ያልተናገረው ነገር ድርሰት ይሆናል። «አመራር» የሚለው ቃል አንዴም ባይነሣ አይጎድለውም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢዋ የተነሡ ቤተሰቦች ልጆችም ስለ ፈረሰ ሰፈር ሲጽፉ የሚመከሩት ተመሳሳይ ነው፦ ከሰፈሩ ሁሉ አንድ በር ምረጡ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም የቤት ወሬ የሚወራው በአማርኛ ነው። ልምድ ያላቸው አማካሪዎች ስለዚህ ተማሪው ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ እንዲያወራና በስልኩ እንዲቀዳው፣ ከዚያ ቅጂውን እየሰማ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ያደርጋሉ። ዋጋው የቃል ቁጥሩ ማበጥ ነው፤ «አልነገርኳትም» የምትለው አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ትሆናለች። እንደ «እድር» ያለውን ቃል በትርጉም ከማሳጣት ይልቅ እንዳለ አስገብቶ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት የተሻለ ነው። ከመዝገበ ቃላት የተለቀሙ ከባድ ቃላት ግን የልጁን ድምፅ ያፍኑታል።

በጣም አከራካሪው ጉዳይ የርዳታው ወሰን ነው። ከተማዋ ለረጅም ዘመን በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎችን ታውቃለች፤ ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ጸሐፊው በወጉ ያዘጋጅለታል፣ ይህንንም ማንም እንደ ማጭበርበር አያየውም። «ለልጄ ጻፍልኝ» ብሎ ገንዘብ የሚዘረጋ ወላጅ ከዚሁ ልማድ ተነሥቶ እንጂ ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። የጋራ ማመልከቻው ግን ተማሪው ጽሑፉ የራሱ መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ የሌላ ሰውን ሐሳብና ቋንቋም ሆነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውጤትን እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብን በማታለል ይመድበዋል። በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለውና በአዲስ አበባም የሚሠራው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ መረጃና ምክር በነጻ ይሰጣል። በእኔ እምነት ጥሩ አማካሪ ብዕሩን ተማሪው እጅ ላይ ትቶ ጥያቄ የሚያበዛው ነው፤ ሰዋስው ማረም ይቻላል፣ ዐረፍተ ነገር መስጠት ግን ከመስመር መውጣት ነው።

የጊዜ ሰሌዳው ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ጋር ይጋጫል። የጋራ ማመልከቻው ቅጽ ሐምሌ 25 ይከፈታል፤ የቅድሚያ ማመልከቻዎች በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 22፣ የመደበኞቹ ብዙዎች ደግሞ ታኅሣሥ 23 ግድም ይዘጋሉ። በቅጹ ላይ የሚነበበው 11:59 በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5:59 ሲሆን፣ በእኛ ሰዓት አንብቦ ንጋት ላይ የሚዘጋ የመሰለው ተማሪ ስድስት ሰዓት ይዘገያል። የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የሚሞላ በመሆኑ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መያዝም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጥያቄ የቤት ገመና ነው። ስለ አባቱ መጠጥ ወይም ስለ እህቱ ሕመም የሚጽፍ ልጅ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰውንም ታሪክ ይልካል፤ ድርሰቱ እንግሊዝኛ ስለሆነም ወላጆቹ ሳያነቡት ሊያልፍ ይችላል። አማካሪዎች በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም፦ ገሚሶቹ ውሳኔውን ለተማሪው ይተዋሉ፣ ሌሎቹ ረቂቁን ለእናቱ በአማርኛ እንዲነግራት ይጠይቃሉ። እናትየው «ይህን ተወው ልጄ» ካለች ርዕሱ ይቀየራል፣ የሁለት ሳምንት ሥራም ይባክናል፤ ጥያቄው በመጀመሪያው ቀን መነሣት ያለበት ለዚህ ነው።