ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው

ባለፈው ቅዳሜ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወደ ወንዙ ወረድኩ። አንድ አዛውንት የጎመን መደባቸውን እያጠሩ ነበር። በቆርቆሮ አይደለም፣ በብሎኬትም አይደለም። በእሾህ ነው። የቀጋና የግራር ቅርንጫፍ ከምረዋል። «ጋሼ፣ ላግዝዎት» ብዬ አንዱን ጨበጥኩ። ወዲያው ለቀቅኩት። አውራ ጣቴ ደማ። ሳቅ አሉና «ተወው ልጄ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አሉኝ።

ምሳሌውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። እሾህ ጨብጬ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«አጣሪ» እዚህ ላይ አጥር የሚያጥር ሰው ነው። ከተማ ላደገ ልጅ ቃሉ ቶሎ አይገባውም። አጣሪ ሲባል ትዝ የሚለው ጠላ አጣሪ ወይም አጣሪ ኮሚቴ ነው። (ታናሽ ወንድሜ ትልቅ ሰው እስኪሆን ድረስ እሾሁ ለኮሚቴ የሚሰጥ ይመስለው ነበር።)

ዛሬ አነጋገሩ በሁለት መንገድ ይነገራል። ቡና ላይ ስለ ክፉ ሰው ሲወራ «ተዪው፣ ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» ይባላል። የሠራው ወደ ራሱ ይመለሳል፣ እሾሁ መልሶ የሰበሰበውን ይወጋዋል ለማለት ነው። ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ የአዛውንቱ ነው፦ ሥራን ለሚያውቀው ተው። በእኔ ግምት ቀዳሚው ይሄ ነው። የእሾህ አጥር ከሰፈራችን እየጠፋ ሲሄድ ዕውቀቱ ተረሳና እርግማኑ ጎልቶ የቀረ ይመስለኛል።

ዕውቀት የምለው ቀልድ አይደለም። ተቀምጬ አየኋቸው። ቅርንጫፉን ከተቆረጠበት በኩል፣ ከወፍራሙ ጫፍ ነው የሚይዙት። ወፍራሙ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ይሆናል። ከዚያ በባላ ይጫኑታል እንጂ በእጃቸው አይነኩትም። እሾሁ ለእሳቸውም እሾህ ነው። መዳፋቸው ላይ ስንት ጠባሳ አለ መሰላችሁ። ግን እየሠሩ ያንጎራጉራሉ።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ለዓመታት መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ፣ ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ እገባለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። መንገዱን ግን ማን ይቆጥርልሃል? ጨጓራዬ ተነሣ፣ እንቅልፍ ጠፋ። ከዚያ የባሰው ደግሞ የምሠራው ነገር ለማን እንደሚጠቅም መርሳቴ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይሄን ዓይነቱን ዝለት በበሽታዎች መዝገቡ አዲስ እትም ውስጥ በዝርዝር ገልጾታል። በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ ውጤት ማጣት። ሳነበው ስሜን ያገኘሁ ያህል ነበር።

ሥራዬን አልለወጥኩም፤ ሰፈሩን ነው የለወጥኩት። አሁን እዚሁ ለዳቦ ቤት፣ ለእንጨት ሥራ ቤትና ለሱቆች ሒሳብ እይዛለሁ። ገቢዬ ቀንሷል፣ አልዋሽም። ሐምሌ በመጣ ቁጥር የግብር ወረፋው ያው እሾህ ነው። ደረሰኝ በፌስታል አጭቆ የሚያመጣ ደንበኛም አለኝ። ግን የዳቦ ቤቱ ባለቤት ትርፏን በወረቀት ያየች ቀን ፊቷ ሲበራ አይቻለሁ። ጨጓራዬም አደብ ገዝቷል።

ይሄን ምሳሌ ግን በየትም ቦታ መምዘዝ ደግ አይደለም። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ ጎንበስ አድርጓቸው መሬት መሬቱን እያዩ ነው የሚሄዱት። እነሱን አይቶ «ሥራ ለሠሪው» የሚል ሰው ስሰማ ያናድደኛል። ያን ሸክም ማንም ስላወቀበት አይሸከመውም። ሌላ ስለጠፋ ነው። አዛውንቱ አጥሩን የሚያጥሩት ጎመኑ የራሳቸው ስለሆነ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ቆይቼ «ጋሼ፣ ቆርቆሮ አይሻልዎትም?» አልኳቸው።

«ቆርቆሮ ይሰረቃል» አሉኝ። «እሾህ ማን ይሰርቃል?»

ማታ ባለቤቴ በመርፌ ቁልፍ ጣቴን እየቆፈረች «አንተን ደግሞ ማን አጥር እጠር አለህ?» አለችኝ። ምሳሌውን ልጀምርላት ስል ቀድማኝ ጨረሰችው።