የምጽዋ–አስመራ የእንፋሎት ባቡር

የምጽዋ–አስመራ ባቡር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ደጋው ላይ እስካለችው አስመራ የሚወጣ መስመር ነው። ርዝመቱ ወደ 118 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ብቻ። በድሬዳዋ በኩል የምናውቀው የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ እንኳ ከዚህ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ግን በዚህች ጠባብ ሐዲድ ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራውን ጣሊያኖች የጀመሩት በ1887 ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጀግናው ራስ አሉላ 500 ያህል የጣሊያን ወታደር ዶጋሊ ላይ ደምስሰው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐዲድ የተዘረጋው ለመንገደኛ አይደለም። ወታደርና ስንቅ ከወደቡ ወደ ሰዓጢ ለማድረስ ነው። ያ 27 ኪሎ ሜትር በ1888 አለቀ። ቀሪው ግን ዓመታት ፈጀ። ጊንዳዕ የደረሰው በ1904፣ ነፋሲት በ1910፣ አስመራ በ1911 ነው። ከአስመራ ወዲያም ወደ ከረንና ወደ አቆርዳት ቀጥሎ ነበር።

አነሳሱ ከባሕር መሀል ነው ማለት ይቻላል። የምጽዋ አሮጌው ክፍል በደሴት ላይ ያለ ከተማ ነው። ባቡሩ ከጥዋለት ደሴት ወጥቶ፣ ግራና ቀኙ ውኃ በሆነ የተደለደለ መንገድ የብሱን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ጠፍ፣ አየሩ እንደ እሳት ነው። ዶጋሊ፣ ሰዓጢ፣ ማይ አጣል እያለ ጊንዳዕ ይደርሳል። እውነተኛው ዳገት ከዚያ ይጀምራል። ተራራውን እየዞረ፣ በጠቅላላው 30 ያህል ዋሻ እያቋረጠ ይወጣል። ነፋሲት ላይ ቀና ላለ ሰው የደብረ ቢዘን ገዳም ተራራ ከበላይ ይታያል።

እንዲህ ያለውን ጠመዝማዛ የሚችለው ማሌት የሚባለው ባቡር ነው። ስሙን ያገኘው ከስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ከአናቶል ማሌት ነው። አሠራሩ ያስደንቃል። ከአንዱ ቦይለር (ውኃው የሚፈላበት ጋን) ሥር ሁለት የመንኮራኩር ክፍል አለው። የኋለኛው ከቦይለሩ ጋር የታሰረ ነው፤ የፊተኛው ግን ኩርባው ወዳለበት ይታጠፋል። እንፋሎቱ መጀመሪያ የኋለኛውን ክፍል ይገፋል። አቅሙ ረገብ ሲል ወደ ፊተኛው ይተላለፍና ደግሞ እሱን ይገፋል። አንዱ እንፋሎት ሁለቴ ሠራ ማለት ነው። ዛሬ የሚታወቁት 442 የተሰኙት ማሌቶች ጄኖቫ በሚገኘው የአንሳልዶ ፋብሪካ በ1938 የተሠሩ ናቸው። ከእነሱ ሌላ በጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የሚያመላልሱ ትናንሽ ባቡሮችና ሊቶሪና የሚባለው የፊያት ባለ ሞተር ባቡርም አሉ።

የእንግሊዝ አስተዳደርና የፌዴሬሽኑ ዘመን አለፈ። በ1965 ባቡሩ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ መንገደኛ አጓጉዟል ይባላል።

በ1970ዎቹ የኤርትራ የነጻነት ጦርነት ሲበረታ መስመሩ ቆመ። ሐዲዱ ተነቅሎ ምሽግ መሥሪያ ሆነ። አብዛኛውን ማን ነቀለው በሚለው ላይ ሰው አይስማማም፤ በሁለቱም ወገን እንደተነቀለ የሚናገሩ አሉ። ብረቱ ግን የትም አልሄደም፤ እዚያው አፈርና ድንጋይ ተሸክሞ ቆየ።

መስመሩን ዳግም ያቆመው ሥራ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ከነጻነት በኋላ፣ በ1994፣ የኤርትራ መንግሥት በውጭ ብድርና በውጭ ተቋራጭ ሳይሆን በራሱ ሰው ለመሥራት ወሰነ። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ። ብዙዎቹ 70 ዓመት ያለፋቸው አዛውንቶች ነበሩ። ቦይለር ጠጋኝ፣ አንጥረኛ፣ ነጂ፣ ሐዲድ ዘርጊ፣ ሁሉም መጡ። ሙያው በእጃቸው ነበር። መለዋወጫ ስላልነበረ የጎደለውን ዕቃ ወርክሾፑ ውስጥ ራሳቸው ቀጥቅጠው፣ ራሳቸው ሞርደው ሠሩት። የብሔራዊ አገልግሎት ወጣቶች ደግሞ ከየምሽጉ ብረቱን ለቅመው፣ ተሸክመው፣ እንደገና አነጠፉት። በ2003 ባቡሩ ከምጽዋ ተነስቶ አስመራ ገባ። እንዲህ ያለ ሥራ በአካባቢያችን ተሠርቶ አያውቅም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ የእንፋሎት ባቡሩ በዋናነት የሽርሽር ነው። ብዙ ጊዜ ጎብኚዎች በቡድን ይከራዩታል። የተለመደው የአንድ ቀን ጉዞ ከአስመራ ነፋሲት ደርሶ መልስ ሲሆን፣ በአንድ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ እንፋሎቱ እስኪጠራቀም ሰዓታት ይወስዳል። መቀመጫው የእንጨት አግዳሚ ነው። በክረምታቸው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከባሕሩ በኩል የሚወጣው ጉም ገደሉን ይሞላዋል፤ ባቡሩ ከደመና በላይ የሚሄድ ይመስላል። በአስመራና በነፋሲት መካከል ባለው የዓርበሮቡዕ ጣቢያ ቆም ብሎ ሻይ ወይም ቡና መጠጣት የተለመደ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን ያዦቹን ማየት ነው። በየፉርጎው አንድ ሰው የብረት መሪ ጨብጦ ይቆማል። ነጂው በፉጨት ምልክት ሲሰጥ ሁሉም መሪውን ያጠብቃሉ፤ ሌላ ፉጨት ሲሰሙ ያላላሉ። ነፋሲት ሲደርሱ ባቡሩ ከፉርጎዎቹ ተፈቶ በጎን ባለው ሐዲድ ይዞርና በሌላው ጫፍ ይቀጠላል፤ ከዚያ በመጡበት ዳገት ጭሱን እያትጎለጎለ ወደ አስመራ ይመለሳል።