የሰብዓዊ ልማት ኢንዴክስ ምንድን ነው?

ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ያዩትን እያነበቡ ይከራከራሉ።

«በኑሮ ከዓለም 176ኛ ነን ይላል።»

«ከስንት?»

«ከ193።»

«ታዲያ ከመጨረሻ 18ኛ ነን አትልም!»

ማንም ሳይጋብዘው ክርክሩ ውስጥ የገባ ሦስተኛ ሰው ደግሞ «ለመሆኑ መቼ መጥተው ቆጠሩን?» አለ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን ከሦስቱ ሁሉ የተሻለው ነበር፤ እመለስበታለሁ።

የተከራከሩበት ቁጥር የሰብዓዊ ልማት ኢንዴክስ ይባላል። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኤችዲአይ የሚሉትም አሉ። ስሙ በአማርኛ ትንሽ ያሳስታል፤ «ሰብዓዊ» ሲባል ብዙ ሰው እርዳታ ወይም መብት ይመስለዋል። ነገሩ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚያወጣው መለኪያ ሲሆን የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሰዉ ስንት ዓመት ይኖራል? ስንት ዓመት ይማራል? ምን ያህል ገቢ አለው? መልሶቹን ከ0 እስከ 1 በሚሄድ ሚዛን ላይ ያስቀምጥና አጣምሮ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል። ከ0.550 በታች ያገኘ አገር «ዝቅተኛ»፣ 0.800 እና ከዚያ በላይ ያገኘ «እጅግ ከፍተኛ» ከሚባለው ምድብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሪፖርት፣ የ2022 መረጃ ይዞ፣ ስዊዘርላንድ በ0.967 ከላይ፣ ሶማሊያ በ0.380 ከታች ነበሩ። ኢትዮጵያ 0.492 አግኝታ 176ኛ ነበረች።

ይህ መለኪያ ከመምጣቱ በፊት አገር ከአገር የሚወዳደረው በጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት ነበር፤ ዜና ላይ ጂዲፒ የምንለው ማለት ነው። የብሔራዊ ገቢን አሰላል ካደራጁት ሰዎች ዋናው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ የሕዝብን ደኅንነት ከገቢው ድምር ብቻ ማወቅ እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም፤ አንድ ቁጥር ሁልጊዜ ከሐተታ ይልቅ ይጥማል። ኢንዴክሱን የጠነሰሰው ፓኪስታናዊው ኢኮኖሚስት ማህቡብ ኡል ሃቅ ይህ ገብቶታል። በካምብሪጅ የተማሪነት ጓደኛው የነበረው ህንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን «የሰውን ኑሮ እንዴት በአንድ ቁጥር ትጨፈልቀዋለህ?» በሚል መንፈስ ተቃውሞት ነበር። የሃቅ መልስ ተንኮል ያለበት ነው፦ እንደ ጂዲፒ ሻካራ የሆነ፣ ግን እንደ ጂዲፒ ዕውር ያልሆነ አንድ ቁጥር ያስፈልገናል። ሴንም በኋላ አግዞታል።

አሁን የእኛን 0.492 እንፍታው። ሂሳቡ ካልኩሌተር ላለው ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሰልፍ ላይም ይሠራል።

ዕድሜ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን በአማካይ 65.6 ዓመት ይኖራል ተብሎ ተገምቷል። ሚዛኑ ከ20 ጀምሮ 85 ላይ ያበቃል፤ 65.6 ሲቀመጥበት 0.70 ይሰጣል። ትምህርት፦ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ዛሬ ትምህርት የሚጀምር ልጅ 9.9 ዓመት እንደሚማር ይጠበቃል (ጣሪያው 18)፤ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በአማካይ የተማሩት 2.4 ዓመት ብቻ ነው (ጣሪያው 15)። እያንዳንዱ ለጣሪያው ሲካፈል የሁለቱ አማካይ 0.355 ነው። ገቢ፦ በነፍስ ወከፍ 2,369 ዶላር፤ በሚዛኑ 0.48 ገደማ። ሦስቱ ውጤቶች ይባዙና ኩብ ሥራቸው (ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ያንኑ ብዜት የሚሰጠው ቁጥር) ይወሰዳል፤ 0.492 ይመጣል።

ለምን ዝም ብሎ ተደምሮ ለሦስት አይካፈልም? እስከ 2010 እ.ኤ.አ. እንደዚያ ነበር። በዚያ አሠራር ቢሆን የእኛ 0.51 ይሆን ነበር። ማባዛቱ የመጣው አንዱ መስክ ወደ ኋላ ሲቀር ሌላው እንዳይሸፍንለት ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቡ፤ ሁለቱን እግር ብታስረዝሙት አጭሩ ያው ያጋድለዋል።

አጭሩ እግራችን ትምህርት ነው፤ ከሦስቱ ሁሉ እኔ ዓይኔን የማላነሳበትም ይህ ነው። 2.4 ዓመት ማለት ሁለተኛ ክፍልን አልፎ ሦስተኛን ሳይጨርሱ መቅረት ነው። ይህ አማካይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው አንዱና ፊደል ያልቆጠሩት ብዙዎች አንድ ላይ ተደምረው ነው። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆሙ እናትና ልጅ ነበሩ። ልጅቷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ የታክሲውን ታፔላ ለእናቷ ታነብላቸዋለች፤ «ይሄ ሳሪስ ነው፣ የኛ አይደለም።» እናትየዋ 2.4 ውስጥ ናቸው፣ ልጅቷ 9.9 ውስጥ ናት። ያ የሰባት ዓመት ተኩል ክፍተት አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ ይኖራል።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። በዚያው ሪፖርት ኬንያ 0.601 ይዛ 146ኛ ነበረች፤ ከእኛ 30 ደረጃ ትቀድም ነበር። ዕድሜ ላይ ግን የምንበልጠው እኛ ነን፤ የእነሱ 62.1 ነው። ገቢያቸው የእኛ እጥፍ ያህል ነው፤ የአዋቂዎቻቸው ትምህርት ደግሞ 7.7 ዓመት። ለሙከራ ያህል የኢትዮጵያን ሌላ ቁጥር ሁሉ እንዳለ ትቼ 2.4ን ብቻ በ7.7 ብተካው ውጤታችን 0.563 ይሆናል፤ አንድ ብር ሳይጨመር «ዝቅተኛ» ከሚባለው ምድብ እንወጣለን ማለት ነው። ችግሩ ይህን ቁጥር መንግሥት ፈልጎ እንኳ በአምስት ዓመት አይለውጠውም። የዛሬው ተማሪ 25 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል።

9.9ውም ቢሆን ተስፋ ነው። ኢንዴክሱ የሚቆጥረው ክፍል ውስጥ የተቀመጡበትን ዓመት እንጂ የተያዘውን እውቀት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ያን ሰሞን በየቤቱ ሐዘን የተቀመጡ ይመስል ነበር። በኢንዴክሱ ዓይን ግን ያለፈውም የወደቀውም እኩል 12 ዓመት ተምሯል።

ዕድሜው ላይ የሚነገር ደግ ነገር አለ። «65.6» ሲባል ሰዉ ሁሉ በ65 ዓመቱ ይሞታል ማለት አይደለም፤ አማካዩን ቁልቁል የሚጎትተው የሕፃናት ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ወደ 67 ወርዷል። ክትባት፣ የአልጋ አጎበርና በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እዚህ ውስጥ አሉበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕድሜያችን ረዝሟል።

ገቢው ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። 2,369 ዶላር ሲባል በባንክ ምንዛሪ ወደ ብር መልሶ «ይህን ማን አየው?» የሚል አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም አላየውም። ዶላሩ የባንክ ዶላር ሳይሆን በመግዛት አቅም የተስተካከለ ነው። ፒያሳ ጸጉር ለመቆረጥ የሚከፈለው ዋሽንግተን ከሚከፈለው ጋር አይቀራረብም፣ መቀሱ ግን ያው መቀስ ነው፤ ስሌቱ ይህን ልዩነት ያካክሳል። ለዚህ ነው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ሲለቀቅና አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ይህ ቁጥር እንደ ባንኩ ሰሌዳ በግማሽ ያልተሰነጠቀው። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ግን የሚኖረው በባንኩ ዶላር ነው፤ ለመድኃኒት የፒያሳ ዋጋ የሚባል የለም። ሌላም ነገር አለ፤ ገቢ በሎጋሪዝም ስለሚሰላ ከ1,000 ወደ 2,000 ዶላር ማደግ ከ20,000 ወደ 40,000 ከማደግ ጋር እኩል ነጥብ ያሰጣል። ለደሃ መቶ ብርና ለሀብታም መቶ ብር አንድ እንዳልሆነ ሂሳቡም ያውቃል።

ወደ 176ኛነታችን ልመለስ። ደረጃ እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው፤ ቁጥርህ የሚወሰነው በእግርህ ብቻ ሳይሆን ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ሩ ሪፖርት ኢትዮጵያ 157ኛ ነበረች። ከ157 ወደ 176፣ 19 ደረጃ አሽቆለቆልን ማለት ነው? ያኔ ሰልፉ ላይ የነበሩት 169 አገሮች ሲሆኑ ከኋላችን 12 ነበሩ። በ2024ቱ ሪፖርት ግን 193 ነበሩ፤ ከኋላችን 17 ነበሩ። ሂሳቡ በየጊዜው ስለሚከለስ የሁለት ሪፖርት ውጤቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸርም አይመከርም። ድርጅቱ በአንድ ዓይነት አሠራር ወደ ኋላ ተመልሶ ባሰላው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤታችን ከ0.3 በታች ነበር። ሄደናል፤ ከፊታችን ያሉትም አልቆሙም።

ቁጥሩ የማያየው ነገር ብዙ ነው፤ ሰላም፣ ነፃነት፣ የውሃ ፈረቃ፣ የቤት ኪራይ። የጓደኛዬ እናት ፒያሳ የቀበሌ ቤት ውስጥ 30 ዓመት ኖረዋል። ለስምንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ ቁልፉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፤ ወለሉ አፈር፣ ወጡ በከሰል። በአካባቢው ላሉ ምግብ ቤቶች እንጀራ እየጋገሩ ያስረክቡ ነበር። አካባቢው ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። በሰብዓዊ ልማት ኢንዴክስ ይህ ሁሉ ዜሮ ነው፤ አንድም ዓምድ አይነካም።

ሌላ መለኪያ ግን ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ባለ ብዙ ገጽታ የድህነት መለኪያ ቤት ገብቶ አሥር ነገር ይጠይቃል። የጋራ ሽንት ቤት 1/18፣ የከሰል ማብሰያ 1/18፣ የአፈር ወለል 1/18፤ ሦስቱ ተደምረው 1/6 ይሆናሉ። በዚህ ላይ ቤት ውስጥ ትምህርት ያቋረጠ አንድ ልጅ ካለ ሌላ 1/6 ይጨመርና 1/3 ይሞላል፤ ቤተሰቡ «ደሃ» ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ አቆጣጠር፣ የዚሁ መለኪያ የ2024 ሪፖርት እንዳለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 86 ሚሊዮን ሰው ድሃ ነበር፤ ከህንድና ከፓኪስታን ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛ። የጓደኛዬ እናት ሦስቱም ተነስተውላቸዋል፤ ሽንት ቤቱም ወለሉም የራሳቸው ነው፣ ከሰሉም ቀርቷል። ስጠይቃቸው ያሉኝ ይህ ነው፦ «ሽንት ቤቱስ የራሴ ሆነ፤ ደንበኛዬ ግን ፒያሳ ቀረ።» ሁለቱም መለኪያ ደንበኛ የሚል ዓምድ የለውም።

አልፎ አልፎ «አዲስ አበባ ለኑሮ ከማይመቹ ከተሞች አንዷ» የሚል ዜናም ይመጣል። እሱ ሌላ ነገር ነው። እንደ መርሰር ያሉ አማካሪ ድርጅቶች የከተሞችን ደረጃ የሚያወጡት በዋናነት ኩባንያዎች ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር ሲልኩ ምን ያህል አበል እንደሚጨምሩ እንዲወስኑ ነው። ጠያቂው ካዛንቺስ ተከራይቶ ሁለት ዓመት ሊቀመጥ የመጣ የውጭ ዜጋ እንጂ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው አይደለም።

«መቼ መጥተው ቆጠሩን?» ላለው ሰው ያልመለስኩት ይህን ነው። የነፍስ ወከፍ ቁጥር ሁሉ ከታች የሚካፈልበት የሕዝብ ብዛት አለው፤ እኛ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው የሚባለው ከዚያ ቆጠራና ከየጊዜው ጥናቶች ተነስቶ የሚሰላ ግምት ነው። የጓደኛዬ እናት ቆጣሪው የመጣበትን ቀን ያስታውሳሉ፤ በሩ መቃን ላይ በኖራ ቁጥር ጽፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። በሩ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የብስክሌት መንገድ ያልፋል።