ፀሐይ እስክትጠልቅ የተደገፉ እጆች

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 17 የተጻፈውን፣ እስራኤል በራፊዲም ከአማሌቅ ሕዝብ ጋር ያደረጉትን ውጊያ ስናነብ ዓይናችን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በድሉ ላይ ነው። እኔ ዛሬ አብረን እንድንመለከት የምፈልገው ግን ስለ ሙሴ እጆች የተነገረውን አጭር ቃል ነው። ሙሴ በተራራው ላይ እጆቹን ሲያነሣ እስራኤል ይበረቱ፣ ሲያወርድ አማሌቅ ይበረታ ነበር፤ በኋላ ግን እጆቹ ከበዱ ይላል። አብረውት የወጡት ወንድሙ አሮንና ሖር በዚያች ሰዓት የሙሴን እምነት ሲመረምሩ ወይም በርታ እያሉ ሲመክሩት አናነብም። አስቀድመው ድንጋይ አምጥተው ሙሴን በላዩ አስቀመጡት፤ ከዚያም አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው እጆቹን ደገፉ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም አልለቀቁትም።

ኦሪት ዘዳግም እንደሚያስታውሰን አማሌቅ የመታው ደክመው ከኋላ የቀሩትን ነበር። ኮቪድ-19ም እንዲሁ አደረገ፤ ከሁሉ አብልጦ የጎዳው አረጋውያንንና ሕሙማንን ነው። በፊቱ የቆሙትንም አልማራቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኞች በዚህ በሽታ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ይኸው ድርጅት በሜይ 5 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን አስታወቀ። ያበቃው ግን አዋጁ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የከበዱ እጆች ዛሬም አልቀለሉም።

በጉባኤያችን አንዲት ነርስ እህት አለች። በወረርሽኙ ወራት የእጆቿ ቆዳ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫዋ ላይ የጭምብሉ ሽቦ ምልክት ትቶባት ትመጣ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥታ ሳለ በጸሎት መካከል እንቅልፍ ወሰዳት። አጠገቧ የነበረች እህት ልትቀሰቅሳት እጇን ስትዘረጋ፣ አንዲት እናት ቀስ ብለው እጇን ያዙና ነጠላቸውን በነርሷ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት። ከዚያ ቀን ስብከት ይልቅ የማስታውሰው ይህን ነው። እግዚአብሔርም ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩን የላከው በተግሣጽ ሳይሆን በእንጎቻና በውኃ ነበር፤ ነቢዩ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ።

ስለዚህ ሠራተኞች ያሉን ምእመናን ከሁሉ በፊት ስለ ድንጋዩ እናስብ፤ እርሱም ዕረፍትና ምንዳ ነው። የድሃው ሠራተኛ ምንዳ ፀሐይ ሳይጠልቅ በዕለቱ እንዲከፈል ኦሪት አዝዟል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለ ደመወዝ እንደሚጮኽ ጽፏል። በዚያ ክፉ ቀን ቤታችንን ያጸዱ፣ ወላጆቻችንን ያጠቡና ያነሡ ሰዎች የታመሙበት ቀን ከደመወዛቸው የሚቆረጥ ከሆነ፣ በጉባኤ ፊት የምናቀርብላቸው ምስጋና ምን ይጠቅማቸዋል?

በቤት ውስጥ ስለሚያስታምሙት ጥቂት ልቆይ፤ የሚረሱት እነርሱ ናቸውና። ሙሴና አሮን በፈርዖን ፊት በቆሙ ጊዜ ሙሴ የ80፣ አሮን የ83 ዓመት ሰው ነበሩ። እንግዲህ በራፊዲም ደጋፊው ከተደጋፊው በዕድሜ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ባሏን ከአልጋ የምታነሣው ሚስት ራሷ ወገቧን የሚያማት፣ ሌሊት ሳሉን ለመስማት በሯን ገርበብ አድርጋ የምትተኛ አረጋዊት ናት። እንዲህ ላለችው እናት «ካስፈለገዎት ይደውሉልኝ» ማለት ሸክም መጨመር ነው፤ የደከመ ሰው ለመደወልም አቅም የለውም። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጠን፣ በየሳምንቱ ሳናጓድል ሄደን፣ እርሷ ወደ ጸሎት ስትሄድ ወይም ስትተኛ ከሕመምተኛው አጠገብ እንቀመጥላት። አሮን ብቻውን አልነበረም፤ በሌላው ወገን ሖር ቆሞ ነበር።

አረጋውያንን በሚመለከት ግን የራሴን በደል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤት በተዘጋባቸው ወራት ለአንድ አባት በየማታው እደውልላቸው ነበር። በሩ ሲከፈትና እኔ ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በኋላም ጨርሶ ተውኩት። እርሳቸው ግን በዚያ ረጅም መቀመጥ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ደረጃ መውረድ ፈርተው፣ እስከ ዛሬ ወደ ጉባኤ አልተመለሱም። ለእኔ የተከፈተው በር ለእርሳቸው እንደ ተዘጋ ቀርቷል። በመዝሙረ ዳዊት «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚለው ልመና ወደ እግዚአብሔር የቀረበ ነው፤ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ወደ እኔም የተላከ ሆኖ ይሰማኛል።

አረጋውያንን የምንደግፈው ግን አዝነንላቸው ብቻ መሆን የለበትም። በሸለቆው እስራኤልን እየመራ የሚዋጋው ኢያሱ የበረታው በተራራው ላይ በተነሡት የሽማግሌው እጆች ነበርና። በቅርቡ ለእኚያ አባት ደወልኩላቸው። ስለ መጥፋቴ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገሩ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ደኅንነታቸውን ጠየቁኝ፤ የትንሹን ልጄን ሕመም እንኳ አልረሱም ነበር። እኔ ዝም ባልኩባቸው በእነዚያ ወራት ሁሉ ስማችንን በየማታው፣ እደውልላቸው በነበረበት ሰዓት፣ በጸሎት ሲያነሡ ኖረዋል።