የካሜራ ወናፍ ምንድን ነው?

ወናፍ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የአንጥረኛ ቤት ነው። ሲጫኑት የሚጨማደድ፣ ሲለቁት የሚነፋ፣ ከሰሉን የሚያቀጣጥል ቆዳ። የአንጥረኛው አየር ይገፋል። የካሜራው ደግሞ ጨለማ ይጠብቃል።

ላርጅ ፎርማት የሚባለው ካሜራ አንዷ ፊልሙ ብቻ 4 በ 5 ኢንች ናት፤ 8 በ 10 የሚጎርስም አለ። ከፊት ሌንሱን፣ ከኋላ ፊልሙን የያዙ ሁለት ፍሬሞች አሉት። በመሃላቸው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ነገር ተዘርግቷል። ወናፉ እሱ ነው። ፎከስ የሚደረገው ፍሬሞቹን በማራራቅና በማቀራረብ ስለሆነ አብሮ ይለጠጣል፣ አብሮ ይሰበሰባል። በሌንሱ በኩል ካልሆነ ብርሃን አያስገባም።

ለሁሉም ሥራ የሚሆን ወናፍ ሲፈለግ ብዙ ሰው የሚያየው ርዝመቱን ነው። ርዝመት በርግጥ ያስፈልጋል። 150 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩቅ ተራራ ሲያነሳ በሌንሱና በፊልሙ መሃል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃዋል። አበባን በትክክለኛ መጠኑ ፊልሙ ላይ ለማሳረፍ ግን 300 ይፈልጋል። (ያኔ ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ፣ አራት እጥፍ ማድረግ እንዳትረሱ።)

እኔ ግን መጀመሪያ አጭሩን ሌንሳችሁን እዩ እላለሁ። ጣጣው ያለው እዚያ ነው። 75 ወይም 90 ሚሊ ሜትር ሲገጠም ፍሬሞቹ በጣም ይቀራረባሉ። የረጅሙ ወናፍ እጥፋት ተደራርቦ ድርቅ ይላል። ሕንፃ ስታነሱ ወደ ኋላ የወደቀ እንዳይመስል ሌንሱን ከፍ ማድረግ ትፈልጋላችሁ፤ ወናፉ እምቢ ይላል። በግድ ብታነሱትም እየገፋ ፎከሱን ያዛባዋል። ይህን ሁሉ ዕቃ የምንሸከመው ደግሞ ለዚሁ እንቅስቃሴ ብለን ነው።

መፍትሔው እጥፋት የሌለው ለስላሳ ከረጢት ወናፍ ነው። እንደ ልብ ይታዘዛል፤ ለረጅም ሌንስ ግን አይደርስም። ፍሬሞቹ በአንድ ዘንግ ላይ በሚንሸራተቱባቸው፣ እንደ ሲናር ባሉት ባለ ሐዲድ ካሜራዎች ወናፉ ስለሚፈታ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል። በብዙ ተጣጣፊ የእንጨት ካሜራዎች ላይ ግን ቶሎ የሚቀየር አይደለም።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ከፊሉ የታጠፈ፣ ከፊሉ ለስላሳ የሆነውን ፈልጉ። ከ90 እስከ 300 ላለው ሌንስ የምመርጠው እሱን ነው። ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄደው ሲታጠፍ ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ሌንሱን ወደ ጎን ስታዞሩት ግን የምስሉን ጥግ ሊከልል ይችላል። ወጥ ስፋት ያለው ሰፊ ነው፤ ሲለጠጥ መሃሉ ይረግባል፣ መደገፊያ ይፈልጋል።

ያገለገለ ስትገዙ ጨለማ ክፍል ግቡ። ወናፉን ለጥጡት፣ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡ ክተቱ፣ የእጥፋቶቹን ማዕዘን እየዞራችሁ እዩ። አንድ ሁለት ነጥብ ብርሃን ብቻ ከታየ በጥቁር ጨርቅና ደርቆም በሚተጣጠፍ ማጣበቂያ ይደፈናል። በየማዕዘኑ ካበራ ግን ሌላ ወናፍ መፈለግ ነው።