ኤንኤፍኤስና ኤስኤምቢን ወደ ስቶሬጅ ክላስተር ከመጨመራችን በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከስታዲየም እስከ ቸርችል ጎዳና ባሉ መሥሪያ ቤቶች የስቶሬጅ ሥራ በሠራሁባቸው ዓመታት «ክላስተሩ እየሠራ ስለሆነ ኤንኤፍኤስና ኤስኤምቢ መጨመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ሲባል ያልሰማሁበት ፕሮጀክት የለም። ክላስተር ማለት ተባብረው እንደ አንድ የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ ነው፤ ኤንኤፍኤስና ኤስኤምቢ ደግሞ ተጠቃሚዎች ፋይሎቹን በኔትወርክ የሚከፍቱባቸው መንገዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው በአብዛኛው ለሊኑክስ፣ ሁለተኛው ለዊንዶውስ። የምናገረው እ.ኤ.አ. በ1998 ጂፒኤፍኤስ ተብሎ ስለወጣው፣ በ2015 ስፔክትረም ስኬል ስለተባለውና ዛሬ ስቶሬጅ ስኬል ስለሚባለው የአይቢኤም ሶፍትዌር ነው። መጫኑ በእርግጥ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ዝግጅቱ ግን ከኔትወርክ ክፍል፣ ስምንና አድራሻን ከሚያዛምደው የዲኤንኤስ አገልግሎት አስተዳዳሪና ከተጠቃሚዎች መዝገብ ኃላፊው ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ስለሚጠይቅ በግማሽ ቀን አያልቅም።

«የአገልግሎቱን አይፒ አድራሻ አስቀድመን በየሰርቨሩ ላይ እንመድበው።»

ደጋግሜ ያረምኩትና ዛሬም ድረስ የሚያስቆጣኝ ስህተት ይህ ነው። ደንበኞች ኤንኤፍኤስና ኤስኤምቢን የሚያገኙባቸው አድራሻዎች የማንም ሰርቨር ንብረት አይደሉም፤ የክላስተሩ ናቸው። አድራሻውን ጤነኛ በሆነ ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር) ላይ የሚያስቀምጠው፣ ያ ኖድ ሲወድቅም አንስቶ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ክላስተሩ ራሱ ነው። በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ በቋሚነት የጻፍነው አድራሻ ግን ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ክላስተሩን ሳይጠይቅ አብሮ ይነሣል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ድርጅት ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ኔትወርኩን ያዘጋጁት ባለሙያዎች አራቱንም የአገልግሎት አድራሻዎች በአራቱ ሰርቨሮች ላይ በቋሚነት መድበዋቸው ነበር። መብራት ሲጠፋ አንዱ ሰርቨር ወደቀና አድራሻው እንደሚገባው ወደ ጎረቤቱ ተዛወረ። መብራት ተመልሶ የወደቀው ሰርቨር ሲነሣ ግን ያንኑ አድራሻ ይዞ ስለተነሣ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ አድራሻ መልስ መስጠት ጀመሩ። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች ፋይል ሲከፍቱ አንዳንዴ ይከፈትላቸዋል፣ አንዳንዴ ይቋረጥባቸዋል፤ እኛም ስዊቹንና ኬብሉን ስንፈትሽ ዋልን።

ትክክለኛው ዝግጅት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የፕሮቶኮል ኖድ (ኤንኤፍኤስንና ኤስኤምቢን የሚያቀርበው ሰርቨር) በኔትወርክ ካርዱ ላይ የራሱ የሆነ ቋሚ አድራሻ ይኑረው፤ የአገልግሎት አድራሻዎቹ በዚያው ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍልፋይ) ውስጥ ያሉ ነገር ግን በማንም ላይ ያልተመደቡ ይሁኑ፤ አድራሻ በራሱ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ለሌላ ኮምፒውተር እንዳያድላቸውም ከዝርዝሩ ይውጡ። በዲኤንኤስ ከስም ወደ አድራሻም፣ ከአድራሻ ወደ ስምም መተርጎማቸው ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ስለሆነ ለኔትወርክ ክፍል በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ይጠየቅ። ፍተሻውም ከእያንዳንዱ የፕሮቶኮል ኖድ ላይ ይደረግ፤ ከራሳችን ላፕቶፕ ላይ ትክክለኛ መልስ ማግኘታችን ስለ ሰርቨሮቹ የሚነግረን ነገር የለም።

«ሊኑክሱ ላይ ያለው የኤንኤፍኤስ አገልግሎትና ሳምባ (የሊኑክስ የኤስኤምቢ አገልጋይ) ጎን ለጎን ቢቀጥሉ ችግር የለውም።»

ችግር አለው፤ ክላስተሩ የራሱን ይዞ ስለሚመጣና በአንድ ፖርት (የአገልግሎት መግቢያ ቁጥር) ላይ ሁለት አገልጋይ ሊቀመጥ ስለማይችል የቀድሞዎቹ ቆመው እንዳይነሡ መደረግ አለባቸው።

«የጋራ ማኅደሩን በኋላ እናስብበታለን።»

የፕሮቶኮል ኖዶቹ የአገልግሎት ቅንብራቸውንና የጋራ መረጃቸውን የሚያኖሩበት፣ በክላስተሩ ፋይል ሲስተም ላይ ያለ አንድ ማውጫ ያስፈልጋቸዋል። ቢያንስ 4 ጊጋባይት፣ ከተቻለም ከዋናው ዳታ የተለየ ፋይል ሲስተም እንዲሰጠው እመክራለሁ። በኋላ ቦታውን ለመቀየር አገልግሎቱን ማቆም ግድ ይላል።

«ሰዓቱን በእጅ እናስተካክለዋለን።»

በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች መዝገብ) የሚረጋገጡ ተጠቃሚዎች ካሉ ማንነታቸውን የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በተለመደው ቅንብር ከ5 ደቂቃ በላይ የሆነ የሰዓት ልዩነትን አይቀበልም። አንድ ጎበዝ ወጣት ባለሙያ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ሰርቨሩን 2፡30 ብሎ ሞላው፤ ሰርቨሩ ግን 8፡30 ማለት ነበረበት። በ6 ሰዓት ልዩነት ምክንያት ሰርቨሩን ከዶሜኑ (በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ከሚተዳደረው ኔትወርክ) ጋር ማገናኘት አልተቻለም፤ ስህተቱም የተፈለገው በይለፍ ቃሉ ላይ ነበር። ሁሉም ኖዶች ክሮኒ በተባለው የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም አማካኝነት ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር፣ በተለይም ዶሜኑን ከሚያስተዳድረው ሰርቨር (ዶሜን ኮንትሮለር) ጋር ከሚስማማ ምንጭ ጋር ይያያዙ።

«የተጠቃሚ ማረጋገጫው ዘዴ ቢያስፈልግ በኋላ ይቀየራል።»

በፋይል ሲስተሙ ውስጥ የፋይሉ ባለቤት የሚመዘገበው በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ነው። ዳታ ከተጻፈ በኋላ ስምን ከቁጥር ጋር የምናዛምድበትን መንገድ ብንለውጥ የትናንቱ ፋይል ባለቤት ዛሬ ባዕድ ይሆንበታል። አንድን ማውጫ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች በኤንኤፍኤስ፣ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ደግሞ በኤስኤምቢ የሚከፍቱት ከሆነ የአንድ ሰው ቁጥር በሁለቱም በኩል አንድ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ በማዕከላዊው መዝገብ ውስጥ አስቀድመው ይሞሉ። ፋይል ሲስተሙም የኤንኤፍኤስ አራተኛ ስሪትን (NFSv4) የፈቃድ ዝርዝር እንዲጠቀም የመጀመሪያው ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት ይዘጋጅ። እኔ የመዝገቡ ኃላፊ በዚህ ላይ ሳይፈርምልኝ ጭነቱን አልጀምርም።